ፀሐይ ላይ የተሰጡ ድንጋዮች

መሪያችን እንደሚሉት የንጋቱ መዝሙር ፈጣን ነው። ሦስት ደቂቃ ከሃያ ሴኮንድ ይፈጃል። ከፍ ብሎ ይጀምራል፤ ወደ መጨረሻው እየፈጠነ፣ እየጨመረ ሄዶ ጣሪያ ነክቶ ያበቃል። «ፀሐይ ስትወጣ አይታችሁ አታውቁም?» ይላሉ። «አንዴ ጫፏ ከታየ በኋላ ማን ያቆማታል?» ማስረጃቸው ካሴት ነው። መዝሙሩን የደረሱት ትልቁ መምህር በገዛ ድምፃቸው የዘመሩት፣ መሪያችን ደግሞ በአሥራ ሰባት ዓመታቸው በገዛ እጃቸው የቀዱት፣ በዓለም ላይ አንድ ብቻ ያለ ካሴት።

ጋሽ ቀስበሉ እንደሚሉት ደግሞ የንጋቱ መዝሙር ዝግ ያለ ነው። አምስት ደቂቃ ይፈጃል፤ ሰው ከታገሠ ስድስት። ዝቅ ብሎ ይጀምርና እዚያው ዝቅ እንዳለ ያልቃል። «መምህሩ ሲዘምሩ ሙሉ ባልዲ ውሃ እንደ ተሸከመ ሰው ነበሩ፤ ጠብ አይልባቸውም» ይላሉ። የእሳቸው ማስረጃ እግራቸው ነው። በመምህሩ ዘመን ሃርሞኒየሙን እየረገጡ የሚጫወቱት እሳቸው ነበሩ። «ጆሮ ይረሳል፣ እግር አይረሳም» ባይ ናቸው። ቀስበሉ እናታቸው ያወጡላቸው ስም አይደለም። በሰባ ስምንት ዓመታቸው ልምምድ እየመጡ ከኋላ ወንበር «ቀስ በሉ፣ ቀስ በሉ» ስለሚሉ መዘምራኑ የለጠፉባቸው ቅጽል ነው። እሳቸውም ለምደውት ስልክ ሲያነሱ «ቀስበሉ ነኝ» ይላሉ።

እኔ በሁለቱ መካከል የገባሁት ላስታርቅ ብዬ አይደለም። ኮሌጅ የሙዚቃ ታሪክ ተማሪ ነኝ፤ የመጨረሻ ዓመት። ለመመረቂያ ጽሑፌ የአንድ መንፈሳዊ መዝሙር ታሪክና አዘማመር ላጠና ስነሣ የጸሎት ቤታችንን የንጋት መዝሙር የመረጥኩት፣ እውነቱን ለመናገር፣ ቀላል መስሎኝ ነው። ከልጅነቴ ጀምሮ ስሰማው ኖሬአለሁ። መምህሩ ኖታ አልተዉም፤ የግጥሙን ደብተር ብቻ ትተው ከሞቱ ዘንድሮ አርባ ዓመታቸው። ቁጭ ብዬ ካሴቱን ወደ ኖታ ገልብጬ፣ ሁለት ሦስት ሽማግሌ አነጋግሬ እገላገላለሁ አልኩ። አማካሪዬ ግን የሁለቱን ወገን ክርክር ሲሰሙ ሳቁና፣ የትኛው እንደሚያምር ሳይሆን የትኛው እንደሚረጋገጥ ጽፌ እንዳመጣ አዝዘው ፈረሙልኝ።

የከበደኝ ግን ይህ አልነበረም። የከበደኝ የአክስቴ ነገር ነው።

አክስቴ ልብስ ሰፊ ናት። ያሳደገችኝም እሷ ናት፤ ከስፌት መኪናዋ ሥር ተኝቼ ነው ያደግሁት ማለት ይቻላል። የንጋቱን መዝሙር መጀመሪያ ብቻዋን የምትወጣው እሷ ናት፤ ሃያ ስምንት ዓመት ሙሉ። አራተኛው ስንኝ ላይ ዜማው ሳያስጠነቅቅ ሽቅብ ይወጣል። እዚያ ስትደርስ የተቀመጠው ሰው ሁሉ ሊያግዛት የፈለገ ይመስል ትከሻውን ከፍ ያደርጋል። ባለፈው ወር እዚያ ቦታ ላይ ድምፅዋ ተሰበረ። በሦስት ልምምድ፣ ሦስት ጊዜ። ሃምሳ አራት ዓመቷ ነው።

መሪያችን ክፉ ሰው አይደሉም። ለብቻዋ ጠርተው፣ በመምህሩ አርባኛ ዓመት መታሰቢያ ላይ መጀመሪያውን የመድኃኒት ቤቷ ልጅ ብትወጣው ምን እንደሚመስላት ጠየቋት። የመድኃኒት ቤቷ ልጅ ፋርማሲስት ናት፤ ሃያ ስድስት ዓመቷ ነው፤ ጉሮሮዋ ዳገት አያውቅም። አክስቴም «ደግ ነው» ብላ ወደ ቤቷ መጣች። ከዚያን ቀን ጀምሮ ቤታችን ውስጥ የሚሰማው መኪናው ብቻ ሆነ። ቀድሞ እየሰፋች ታንጎራጉር ነበር። ጨርቁ ሐር ከሆነ ዝግ ያለ ዜማ፣ ጂንስ ከሆነ ጠንከር ያለ። ከበር ውጪ ሆኜ ምን እየሰፋች እንደሆነ አውቅ ነበር። አሁን ሐሩም ጂንሱም አንድ ሆኑብኝ።

ታምመሻል ወይ ብዬ ጠየቅኋት።

«እኔ ደህና ነኝ» አለች፣ ክር በጥርሷ እየበጠሰች። «ያረጀው ድምፄ ነው።»

ለመታሰቢያው ሦስት ሳምንት ቀርቶ ነበር።

*

መሪያችን ሰዓት ሠሪ ናቸው። ሱቃቸው ሁለት ሰው ጎን ለጎን የማያስቆም ጠባብ ነው፤ ግድግዳው ከላይ እስከ ታች ሰዓት ነው፤ ሁሉም የየራሱን ይቆጥራል። ደንበኛ ስንት ሰዓት ነው ብሎ ሲጠይቃቸው ያን ሁሉ ሰዓት ትተው የእጃቸውን ያያሉ። ስለ ካሴቱ ላነጋግራቸው በሄድኩ ቀን ማጉያቸውን ዓይናቸው ላይ ሰክተው አንድ የግድግዳ ሰዓት ከፍተዋል። የሰዓቱ ባለቤት ሰዓቴ ታመመብኝ፣ በቀን አንድ ሰዓት ወደ ኋላ ይቀርብኛል ስትል እሳቸው አዲስ የባትሪ ድንጋይ ከተቱላትና ዘጉት።

«አልታመመም» አሏት። «ድንጋዩ ደክሞ ነው። ድንጋይ ሲደክም ይጎተታል።»

እሷ ስትሄድ ታሪኩን አወጉኝ። ሺህ ጊዜ ያወጉት ታሪክ ስለሆነ የት ላይ እንደሚያስቅ ያውቃሉ። ያኔ የጸሎት ቤቱ ሰው እንኳ አልነበሩም። መንገድ ሲያልፉ ያን መዝሙር በመስኮት ሰምተው እግራቸው ተያዘ። አጎታቸው የሰጣቸው ቴፕ ነበራቸው፤ መምህሩን አስፈቀዱ፤ ቀን ተቀጠረላቸው። ቀኑ ሲደርስ የቴፑ ድንጋዮች ሞተዋል። ከሱቅ እንዳይገዙ ኪሳቸው ባዶ ነው።

«ምን አደረግሁ መሰለህ?» አሉኝ። «ጠዋት ቆርቆሮው ላይ ወጣሁና ስድስቱንም ድንጋይ ፀሐይ ላይ አሰጣኋቸው። እንደ በርበሬ እያገላበጥኩ! ደግሞ ነከስ ነከስ አደረግኋቸው። ነፍስ ዘሩልኝ።»

እንዲህ ሆኖ ተቀዳ። በሁለተኛው ወር መምህሩ ሞቱ፤ የእሳቸውን አዘማመር ያስቀረ ሌላ ነገር ስላልነበረ ካሴቱ መጽሐፍ ሆነ። መሪያችንም ከካሴቱ ጋር አብረው ገቡ ማለት ነው፤ ካሴቱን ከማንም በላይ የሚያውቁት እሳቸው ስለነበሩ ዓመታት ካለፉ በኋላ መሪ ሆኑ። ሁሉንም ዘማሪ በካሴቱ ነው ያስተማሩት። መጨረሻው አንቀጽ ላይ ዜማው ፈጥኖ ከፍ ስለሚል፣ ፒያኖ የምትጫወተው ልጅ እዚያ ስትደርስ ግማሽ ድምፅ ወደ ላይ እንድትሸጋገር ያደረጉት እሳቸው ናቸው። ከሌላ ጸሎት ቤት የሚመጡ እንግዶች እንኳ የእኛን መዝሙር የሚያውቁት በዚያ ሩጫው ነው።

«ድምፃቸውንስ ልብ ብለሃል?» አሉኝ ስወጣ። «ስድሳ አምስት ዓመታቸው ነበር። ስትሰማቸው ግን የሠላሳ ዓመት ጎልማሳ ናቸው። ጸጋ ነው።»

እኔም ደብተሬ ላይ «ጸጋ» ብዬ ጻፍኩ። ኮሌጅ አራት ዓመት የተማርኩት ሰውዬ።

*

በማግሥቱ ካሴቱን ይዤ የኮሌጁ የድምፅ ክፍል ገባሁ። ግድግዳው በስፖንጅ የተለበጠ፣ ሰው ሲያስነጥስ እንኳ ድምፁን የሚውጥ ክፍል ነው። ካሴቱን ወደ ኮምፒውተር ገለበጥኩና ማዳመጫ አድርጌ ኖታ መጻፍ ጀመርኩ። አንደኛው አንቀጽ አለቀ፤ ሁለተኛው አለቀ። ከሁለተኛውና ከሦስተኛው መካከል መምህሩ ትንፋሽ ሲወስዱ ከሩቅ ደወል ተሰማ። ሦስት ጊዜ።

የጸሎት ቤታችን ደወል ነው። አክስቴ ቤት ከደወሉ ማማ ሁለት ቅያስ ነው፤ በሕይወቴ ውስጥ ከዚያ ደወል በላይ የሰማሁት ነገር የለም። የመጀመሪያ ዓመት ላይ ድምፅ መለየት ስንማር ሌሎቹ በመሣሪያ ሲለማመዱ እኔ በደወሉ ነበር የምለካው። ደወላችን «ላ» ነው። «ላ» በሉ ስባል ደወሉን አስባለሁ፣ እሱን አንጎራጉራለሁ፣ አልሳትኩም ነበር።

ካሴቱ ላይ ደወሉ አንድ እርከን ከፍ ብሎ «ሲ» አለ።

ማዳመጫውን ቀየርኩ። ያው «ሲ» ነው። ጠዋት ማማው ሥር ቆሜ በስልኬ ለካሁ፤ «ላ»። ዘበኛው ስልኬን ወደ ሰማይ አንሥቼ ሲያየኝ ኔትዎርክ እዚያ ጥግ ይሻላል አለኝ።

ነገሩ እያደር ገባኝ። ቴፕ በደከመ ድንጋይ ሲቀዳ ክሩ ቀስ እያለ ይሄዳል። ያንኑ ካሴት በጤነኛ ቴፕ ስታጫውተው ቀስ ተብሎ የተቀዳው በፍጥነት ይወጣል። ፍጥነቱ ሲጨምር ድምፁም ይቀጥናል፤ ዝቅ ያለው ከፍ ይላል፤ ሽማግሌው ጎልማሳ ይሆናል። ጸጋ የተባለው ይኸው ነው።

ግን አንድ ደወል አንድ ምስክር ነው፤ በአንድ ምስክር ደግሞ አይፈረድም። ከዚያም በላይ የገዛ ጆሮዬን ተጠራጠርኩ። ዜማው ዝቅ ቢል የሚጠቀመው ማን ነው? ቤቴ ያለችው ሴትዮ ናት። የምፈልገውን እየሰማሁ ቢሆንስ?

ጋሽ ቀስበሉን ፈልጌ ለምን እንደሆነ ሳልነግራቸው ሃርሞኒየሙን ያጫውቱልኝ እንደሆነ ጠየቅኋቸው። ሃርሞኒየሙ ከጸሎት ቤቱ ጀርባ፣ ዕቃ ቤት ውስጥ፣ በተሰበሩ ወንበሮች ሥር ነው ያለው። ወንበሮቹን አነሣሁ፤ አቧራውን አራገፍኩ። ጋሽ ቀስበሉ ጫማቸውን አውልቀው በካልሲ ተቀመጡ። ሃርሞኒየም በጫማ አይረገጥም ይላሉ።

አንድ ሁለት ጊዜ ረገጡ፤ ሳጥኑ ተነፈሰ። መጫወት ጀመሩ። አምስተኛው ወይም ስድስተኛው ድምፅ ላይ አንዱ ቁልፍ «ህእእ» ብሎ ሳለ።

«አለሽ እንዴ አንቺ?» አሉ ቁልፉን። ወደ እኔ ዞር ብለው፣ «ይቺ አስመኛዋ ናት። ከድሮም እንዲህ ናት። መምህሩ ጠግናት ይሉኛል፣ እኔ እንቢ። የሰው ጉሮሮ ያላት እሷ ብቻ ናት እላቸዋለሁ።»

አስመኛዋ «ሬ» ናት። ከመቶ ቁልፍ መካከል ብትደበቅ እንኳ ሳሏ ያጋልጣታል። ጋሽ ቀስበሉ መዝሙሩን ሲጨርሱ አሥራ አንድ ጊዜ ሳለች፤ አምስት ደቂቃ ከአሥር ሴኮንድም አለፈ። እግራቸውን እያሹ ልክ እንደ ድሮው ነው አሉኝ።

ሮጬ የድምፅ ክፍሉ ገባሁ። ካሴቱ ላይ ከመምህሩ ድምፅ ሥር ያንን ሳል ፈለግሁ። አለ። አሥራ አንድ ጊዜ። አርባ ዓመት ሙሉ ሰው ሁሉ የካሴት ጭረት ነው ብሎ ያለፈው ሳል። አንደኛው አንቀጽ ላይ የምትስለው «ሚ» ሆና ነው፤ ልክ ደወሉ ከፍ ባለበት መጠን። የመጨረሻው አንቀጽ ላይ ግን «ፋ» ልትደርስ ምንም አልቀራትም። አንድ ቁልፍ በአንድ መዝሙር ውስጥ ቦታ አይቀይርም። ቦታ የቀየረው ቴፑ ነው፤ ድንጋዮቹ መጨረሻው ላይ ይበልጥ እየሞቱ ነበር።

በአስመኛዋ ልክ ካሴቱን ከጫፍ እስከ ጫፍ አስተካከልኩት። ሦስት ደቂቃ ከአርባ ስምንት ሴኮንድ ሆነ። መሪያችን እንደሚሉት አይሮጥም፤ ጋሽ ቀስበሉ እንደሚሉትም አይጎተትም። የጋሽ ቀስበሉ እግር ሰባ ስምንት ዓመቱ እንደሆነ ማንም አልነገራቸውም። አንድ ሰው ወደ ሥራው እንደሚሄድ ሆኖ ይሄዳል፤ ሳይቸኩል፣ ሳያንቀላፋም። ድምፁ ወፍራም፣ ሻከር ያለ ነው፤ አልፎ አልፎም መሃል ላይ ይተነፍሳል። መጨረሻው ላይ ምንም ሩጫ የለም። መምህሩ እንደ ጀመሩት ጨረሱት።

ለአማካሪዬ ሳሳይ ሁለት ጊዜ አዳመጡና አክስት ባይኖረኝ ይህንኑ እጽፍ እንደሆነ ጠየቁኝ። ስለ አክስቴ የነገርኳቸው እኔ ነኝ፤ ጥፋቱ የኔ ነው። አስቤ፣ አዎ አልኩ። እንግዲያው ጻፍ አሉኝ።

*

ቤት ስገባ አክስቴ የትምህርት ቤት ዩኒፎርም ክምር ውስጥ ተቀምጣለች። ላፕቶፔን ጨርቅ መቁረጫው ጠረጴዛ ላይ አድርጌ ማን እንደሆነ ሳልነግራት አጫወትኩላት።

እግሯ መርገጥ ተወ። መጀመሪያ ማን እንደሆነ አላወቀችም። ሁለተኛው ስንኝ ላይ አወቀች፤ ሦስተኛው ላይ በአፍንጫዋ አብራ ጀመረች። አራተኛው ስንኝ መጣ። ዜማው ወጣ፤ እሷም ወጣች። ትከሻዬን ከፍ ላደርግ ስል ለካ አልፋዋለች።

ነገሩን ሁሉ ነገርኳት፤ ደወሉን፣ አስመኛዋን፣ ቆርቆሮ ላይ የተሰጡትን ድንጋዮች።

«ሃያ ስምንት ዓመት ጉሮሮዬን የተለተልኩት ለባትሪ ድንጋይ ነው?» አለችና ዓይኗ እንባ እስኪያቀር ሳቀች። ቀጥላ ግን ሳቋን እንደ ጨርቅ አጣጥፋ አስቀመጠችው። «ስማ፣ የኔ ሊቅ። ለእኔ ብለህ እንዳትናገር። ሰውነቷ ቢሰፋ ቀሚሱን አስፉልኝ አለች ያሉ እንደሆነ መዝሙሩም ይቅርብኝ። የመምህሩ ልክ ይሄ ከሆነ ግን ልኩ ይሄ ነው፤ ልክ በእኔ አይወሰንም። ደግሞ ቀድመህ ለእሳቸው ንገር። ለብቻቸው። ሰው ፊት የሚነገር ነገር አይደለም።»

ያን ዕለት ዩኒፎርሙን እየሰፋች ስታንጎራጉር ሰማኋት። ምን እንደሆነ ግን አልለየሁትም፤ በጣም ዝቅ አድርጋ ነበር።

*

መሪያችን ሱቃቸው ውስጥ ማዳመጫውን አድርገው ሲሰሙ እኔ በሰዓቶቹ መሃል ቆሜ የምይዘው ጠፋኝ። ደወሉ ላይ ሲደርሱ እጃቸውን አነሡ።

«ደወልም እኮ ያረጃል» አሉ። «በአርባ ዓመት የኔ ጉልበት ስንቴ ድምፅ ቀይሯል።»

ይሆናል አልኳቸው። ከዚያ አስመኛዋን አሰማኋቸው፤ መጀመሪያ «ሚ» ላይ ስትስል፣ ቀጥሎ «ፋ» ጫፍ ላይ። አንዷ ቁልፍ በምን እግሯ እንደሄደች ጠየቅኋቸው። ማጉያቸውን ከዓይናቸው ነቅለው ጠረጴዛው ላይ አኖሩት። ጠረጴዛው ዳር ቀን ሙሉ ከሰው ሰዓት ያወጧቸው የሞቱ ድንጋዮች በኩባያ ተጠራቅመዋል። አንዱን አንሥተው በጣታቸው አሽከረከሩት።

«ሲቀዳ ተጎተተ» አሉ ለራሳቸው። «ሲሰማ ሮጠ። ይሄንን እኮ ለሰው ስነግር ነው የምውለው።»

ከኋላዬ አንዱ ሰዓት ስድስት ጊዜ ደወለ፤ ስድስት ሰዓት አልነበረም።

«መጨረሻውስ? ፀሐይ ስትወጣ እያልኩ ይህን ሁሉ ዓመት ሰው ሳስሮጥ የኖርኩት ድንጋይ ሲሞት ነው?»

አክስቴ ሰምታው እንደሆነ ጠየቁኝ፤ ሰምታለች አልኩ። ምን አለች ሲሉኝ፣ ቀድሜ ለእሳቸው ለብቻቸው እንድነግር ማዘዟን ነገርኳቸው። ድንጋዩን ኩባያው ውስጥ ጣሉት።

«ቅዳሜ ልምምድ ላይ ይዘኸው ና» አሉኝ።

*

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ አዳራሹ ሙሉ ነበር፤ ለመታሰቢያው ስምንት ቀን ቀርቷል። አክስቴ እንደ ወትሮው ፊት ሳይሆን ሁለተኛው ረድፍ ላይ ቆማለች፤ መጀመሪያው የሌላ ሰው ከሆነ ወዲህ ቦታዋን ራሷ ቀይራለች። ጋሽ ቀስበሉ የኋላ ወንበራቸው ላይ ናቸው። እኔ የምናገር መስሎኝ ወረቀት አዘጋጅቼ ነበር። መሪያችን ግን ቀድመውኝ ተነሡና ሁሉንም ራሳቸው ተናገሩ። የቆርቆሮውን ታሪክ እንደ ድሮው ጀመሩት፤ ሰዉ የሚስቅበት ቦታ ላይ ሳቀ። እሳቸው ግን ከዚያ ቀጥለው ድንጋዩ ምን እንዳደረገ ሲነግሩ ሳቁ ቆመ። አንድም ነገር አላስቀሩም፤ የራሳቸውን ስህተት እንደ ሰው ሰዓት ፈትተው ጠረጴዛ ላይ ዘረጉት። ከዚያ አጫውት አሉኝ።

ሦስት ደቂቃ ከአርባ ስምንት ሴኮንድ ማንም አልተንቀሳቀሰም። ሲያልቅ ከኋላ ድምፅ መጣ።

«እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል። አላልኳችሁም?» አሉ ጋሽ ቀስበሉ።

መሪያችን ሳይዞሩ፣ የእሳቸው አምስት ደቂቃ መሆኑን አስታወሷቸውና፣ «የእርስዎም ድንጋይ ትንሽ ደክሟል መሰለኝ፣ ጋሼ» አሏቸው። አዳራሹ ፈነዳ። ጋሽ ቀስበሉም እግራቸውን ገልመጥ አድርገው ሳቁ።

ከወፍራሞቹ ድምፆች በኩል ግን አንዱ፣ ቀልድ አስመስሎ፣ ጥናቱን ማን እንዳጠናውና ማን እንደሚጠቀምበት መታሰብ አለበት አለ። «ዘመድ ከዘመዱ፣ አህያ ከአመዱ» ሲል ጨረሰው። ጆሮዬ ጋለ። አክስቴ ወለሉን አየች። ልመልስ አፌን ስከፍት የመድኃኒት ቤቷ ልጅ ቀደመችኝ። እሷ እዚያ አራተኛው ስንኝ ላይ መድረስ እንደምትችል፣ ግን በደረሰች ቁጥር ዓይኗ ሊወጣ ስለሚደርስ መምህሩ ይህን ያህል ጨካኝ ነበሩ እንዴ ስትል እንደከረመች ተናገረች።

መሪያችን ደወሉን ይምታልን ብለው ዘበኛውን አስጠሩ። ዘበኛው በር ላይ ቆሞ ሰዓቱ ገና ነው አለ።

«ሰዓቱን ለእኔ ተወው፤ ሥራዬ ነው» አሉት መሪያችን። «አንተ ምታ።»

ደወሉ ሦስት ጊዜ ተመታ። መሪያችን ራሳቸው ፒያኖው ጋ ሄደው አንድ ቁልፍ ተጫኑ፤ «ላ»። ወደ እኔ አገጫቸውን ሲያነሡ የተስተካከለውን ካሴት ደወሉ ያለበት ቦታ ላይ አጫወትኩ። የአርባ ዓመቱ ደወል፣ የፒያኖውና የማማው አንድ ላይ ቆሙ። ማንም ሙዚቃ መማር አላስፈለገውም። ያ ባለ ወፍራም ድምፅ ሰውዬ እንኳ ራሱን ነቀነቀ።

መሪያችን ወደ ሁለተኛው ረድፍ ዞሩ።

«እትዬ፣ ትወጪዋለሽ?»

«አዝነውልኝ ከሆነ አልወጣም» አለች አክስቴ። «መምህሩ ያሉት ይሄ ከሆነ እወጣዋለሁ።»

የመድኃኒት ቤቷ ልጅ ከፊት ረድፍ ወጥታ በእጇ ቦታውን አሳየቻት። አክስቴ የቀሚሷን ፊት እንደ ሰፋችው ልብስ አንዴ ወደ ታች አለስልሳ፣ ቆመች። ፒያኖ የምትጫወተው ልጅ መጨረሻውን ምን ላድርግ ብላ ጠየቀች፤ ሽግግሩ ይቅር ወይ፣ ሩጫው ይቅር ወይ። ሁሉም ወደ መሪያችን አየ። እሳቸው የካሴቱን ልባስ ከጠረጴዛው አንሥተው ኪሳቸው ከተቱ፤ መነጽራቸውን አስተካከሉ፤ እጃቸውን ለማስጀመር ከፍ አደረጉ።

«ከደወሉ ድምፅ እንጀምራለን፤ መጀመሪያውን እሷ ትወጣዋለች፤ እስከ መጨረሻው አንቀጽ ድረስ እንደ መምህሩ እንሄዳለን» አሉ። «የመጨረሻዋን ግን እንደ ለመድነው እንሮጣታለን። ያቺ ሩጫ የመምህሩ አይደለችም፤ የእኔና የድንጋዬ ናት። አንተም ጽሑፍህ ላይ እንደዚሁ ብለህ ጻፍ።»